እርማት፦ ቤት መምታት ብቻውን ግጥም አያደርግም

ወንድሜ፣ «የአማርኛ ግጥም ቤት ከመታ በቃ፣ ልኬት የፈረንጅ ጣጣ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚያምን አልፈርድብህም፤ ግን የቡሄ ልጆች ያፈርሱብሃል። ይህችን ዱላ እየመታህ በላት፦

ያችን ድግስ / ውጬ ውጬ
ከድንክ አልጋ / ተገልብጬ

በ«/» የተለየው እያንዳንዱ ሐረግ 4 ቀለም (አፍ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ድምፅ) ነው። ፊደል እንዳትቆጥር! «ከድንክ አልጋ» 7 ፊደል አለው፤ ጆሮ የሚሰማው ግን ከ፣ ድንክ፣ አል፣ ጋ ነው። አናባቢ የሌለው ሳድስ ራሱን ችሎ አይቆጠርም፣ ከፊቱ ካለው ድምፅ ጋር ይለጠፋል። ግራ የሚያጋባውም ይሄ ነው።

አሁን «ያችን ድግስ»ን ወደ «ያንን ትልቅ ድግስ» ቀይራት። ቤቱ አልተነካም፣ «ውጬ» እና «ተገልብጬ» እንደተገጣጠሙ ናቸው። ዱላው ግን መሬት የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋዋል። (እኔ ሞክሬው ጎረቤት ሳቀብኝ።)

ይህ 4 በ4 ቡሄ በሉ ይባላል። ሰንጎ መገን 5 በ5 ነው። የወል ቤት 6 በ6፣ ረጋ ያለ፣ ለትካዜም ለምክርም የሚመች። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ሐረጉን ወደ 8 ቀለም አስረዘመው፤ «የጸጋዬ ቤት» የተባለው ለዚህ ነው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ስታነበው ትንፋሽህን ቆጥበህ መያዝ አለብህ፤ ቡሄ በሉ ላይ ግን ትንፋሽ ትዝም አይልህ።

ቤት የማይመታ ግጥም የለም ማለቴ እንዳይመስልህ፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው።