ወላጁ ገጽ የልጁን ጓዳ አይፈትሽ

ስለ ጎንደር ቅርሶች ድረ ገጽ ለመሥራት የተነሣ ባለሙያ ገና ከጅምሩ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 «ፋሲል ግቢ» ብሎ የመዘገበው ቅርስ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ስምንት ክፍሎች አሉት፤ 900 ሜትር በሚረዝም አጥር ከተከበበው የነገሥታት ግቢ ሌላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ እንዲሁም ከከተማው ርቀው የሚገኙት ጎርጎራና ጉዛራ በዚሁ መዝገብ ውስጥ ተካትተዋል። እያንዳንዱ ቦታ በዳታቤዙ ውስጥ ራሱን የቻለ ኦብጀክት ነው፤ የራሱ ስም፣ ፎቶ፣ ካርታና የጉብኝት ሰዓት አለው፣ የራሱ ገጽም ይኖረዋል። ስምንቱን ቦታዎች ልጆች፣ በአንድነት የሚያሳያቸውን ገጽ ደግሞ ወላጅ እንበላቸው። ታዲያ የወላጁ ገጽ ቴምፕሌት፣ ማለትም መረጃው የሚሰካበት የገጹ ቅርጽ፣ እንዴት ይጻፍ?

የተለመደው መንገድ የልጁን ኤችቲኤምኤል (የገጹን ኮድ) ኮፒ አድርጎ በወላጁ ቴምፕሌት ሉፕ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ልጅ በሚደጋገመው ክፍል፣ መለጠፍ ነው። ይህን የሚመርጡ ሰዎች መከራከሪያ የሚናቅ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ሲሆን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይቻላል፣ ከፋይል ወደ ፋይል መንከራተት አይኖርም ይላሉ። አምስት ገጽ ብቻ ላለው የአንድ ፔንሲዮን ድረ ገጽ እኔም እስማማለሁ። ያው ልጅ በሁለተኛና በሦስተኛ ገጽ ላይ መታየት ከጀመረ በኋላ ግን ክርክሩ አቅም ያጣል።

የጥምቀትን በዓል እንውሰድ። በዓሉ በመነሻ ገጹ፣ በበዓላት ዝርዝሩ፣ በፋሲል መዋኛ ገጽና በየሆቴሉ ገጽ ላይ ይታያል። ቀኑ ጥር 11 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ወደ ጃንዋሪ 20 ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። በአራት ቴምፕሌቶች ውስጥ «ጃንዋሪ 19» ብሎ በእጁ የጻፈ ሰው አራቱንም አስታውሶ ማረም ይኖርበታል፤ ሦስቱን አርሞ አንዱን ከዘነጋ፣ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ በአንዱ ገጽ 19፣ በሌላው 20 ያነባል፣ ትኬቱን የሚቆርጠውም ካነበባቸው ቀኖች አንዱን አምኖ ነው። የበዓሉ ማሳያ አንድ ፋይል ቢሆንና የቀን ቅየራው እዚያ ብቻ ቢከናወን ግን አራቱም ገጾች አብረው ይታረሙ ነበር።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የቀረበው የድረ ገጽ መሥሪያ ጃንጎ፣ ሌላ ፋይልን ወደ ቴምፕሌቱ የሚያስገባ ኢንክሉድ የሚባል ታግ (ትእዛዝ) አለው። ሬይልስ የተባለው ሌላ መሥሪያ ፓርሻል በሚለው ዘዴ የልጆቹን ስብስብ ሲሰጡት ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚስማማውን ማሳያ ራሱ መርጦ ይደረድራል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ሰዓቱንና ጫማ አውልቆ የመግባት ሥርዓቱን ማሳየት ያስፈልገዋል፣ ግንብ ደግሞ የመግቢያ ዋጋውን። ወላጁ ቴምፕሌት «ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ይህን፣ ግንብ ከሆነ ያንን» እያለ ቅርንጫፍ ሲያበዛ ማየት ያሳዝናል፤ ነገ ሙዚየም ሲጨመር ያው ፋይል እንደገና ይከፈታልና። ወላጁ ልጆቹ እነማን እንደሆኑና በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጡ ይወቅ፤ የቀረው የልጁ ጉዳይ ነው።

ልጁም በበኩሉ የወላጁን ቤት መመርመር የለበትም። ጃንጎ ኢንክሉድ ሲደረግ የወላጁን ተለዋዋጮች (መረጃ የያዙ ስሞች) በሙሉ ለልጁ ያስተላልፋል፤ «ኦንሊ» የምትለው ቃል ስትጨመር ግን በስም የተሰጠውን ብቻ ያያል። ይህች ቃል ባልተጻፈችበት ቦታ፣ በአንዱ ገጽ ላይ በትክክል የሚሠራ ማሳያ ወደ ሌላ ገጽ ሲወሰድ ክፍተት ይዞ ይቀራል፤ የጎደለውን ለማግኘትም ግማሽ ቀን ይፈጃል።

በራሱ ገጽ ላይ እንከን የሌለው ልጅ ከወንድሞቹ ጋር ሲደረደር የሚያመጣው ሌላም ጣጣ አለ። የካርታው ሳጥን «ማፕ» የሚል መለያ ተሰጥቶት ከሆነ በወላጁ ገጽ ላይ ያው መለያ ስምንት ጊዜ ይደገማል፤ ካርታውን የሚከፍተው ጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራው ኮድ) በመለያው ሲፈልግ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ አንድ ካርታ ይከፈታል፣ ሰባቱ ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። መለያው ከልጁ ቁጥር ጋር ቢጣመር ችግሩ ይወገዳል። የርእስ ደረጃም እንዲሁ ነው፤ በራሱ ገጽ አንደኛ ደረጃ የነበረው ርእስ በወላጁ ሥር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መሆን ስላለበት፣ ደረጃውን ወላጁ ቢያቀብለው ገጹን በድምፅ አንባቢ የሚከታተሉ ዓይነ ስውራን ግራ አይጋቡም።

ከባዱ ተቃውሞ የፍጥነት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ፎቶዎቹን ራሱ ከዳታቤዝ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለስምንት ቦታዎች አንዱ የዝርዝሩ ጥያቄ ተጨምሮ ዘጠኝ ጥያቄ ይሆናል፣ ለ50 በዓላትና ዝግጅቶች ደግሞ 51። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን ማሳያዎቹን ከመለያየት የመጣ አይደለም፣ መረጃው በማይገባው ቦታ በመጠራቱ እንጂ። የወላጁ ገጽ ገና ቴምፕሌቱ ሳይነካ የልጆቹን ፎቶዎች አስቀድሞ ቢያመጣ፣ ጃንጎም ለዚህ የተዘጋጀ ዘዴ አለው፣ ጥያቄው ወደ ሁለት ይወርዳል። አንዳንዶች እያንዳንዱን ልጅ ብራውዘሩ ለየብቻ እንዲጠራው ያደርጋሉ፤ በሞባይል ዳታ፣ በደከመ ኔትወርክ ለሚከፍት ሰው ስምንት ጊዜ ተመላልሶ መጠየቅ ማለት ስለሆነ፣ ገጹ ሰርቨሩ ላይ ተገጣጥሞ ቢላክ እመርጣለሁ።

የተገጣጠመውን ገጽ በካሽ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማከማቻ፣ ማስቀመጥም ተጨማሪ ፍጥነት ይሰጣል፤ ነገር ግን የአንዱ ግንብ የመግቢያ ዋጋ ተቀይሮ የልጁ ገጽ አዲሱን ሲያሳይ፣ ወላጁ ያስቀመጠውን አሮጌ ዋጋ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሬይልስ ልጁ ሲለወጥ የወላጁም የእድሳት ሰዓት አብሮ እንዲታደስ ማዘዝ ይፈቅዳል። በሌሎቹ መሥሪያዎች የወላጁን የካሽ ቁልፍ (የተቀመጠው ቅጂ የሚፈለግበትን ስም) በመጨረሻ ከታደሰው ልጅ ሰዓት ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ የልጆቹ ብዛትም በቁልፉ ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ከዳታቤዙ የተሰረዘ ልጅ በወላጁ ገጽ ላይ መታየቱን ይቀጥላል።