ማስተካከያ፦ ሰው ሰራሽ ጥርስ በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ አይዘፈዘፍም

ባለፈው ሳምንት ተነቃይ ሰው ሰራሽ ጥርስን ማታ በአፍ መጉመጥመጫ ዘፍዝፎ ማሳደር ጥሩ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ። ለገጣፎና ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ብዙዎች ለወላጆቻችሁ አንብባችሁላቸዋል። እባካችሁ ይህንንም አድርሱልኝ።

የጥርስ ሐኪሞች መመሪያ የሚለው ሌላ ነው። ጥርሱ ማታ ወልቆ፣ በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ፣ በንጹህ ውሃ ወይም ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ውስጥ ይደር። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። የፈላ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል።

መጉመጥመጫው ለአፍ ነው። መጀመሪያ ጥርሱን ማውለቅ፣ ከዚያ ተጉመጥምጦ መትፋት። አይዋጥም። አልኮል ያለበት ዓይነት አፍን ሊያደርቅ ይችላል፤ አፍ ሲደርቅ ደግሞ ጥርሱ ድድን ይፈትጋል። አረጋውያን ላይ ይብሳል፣ ብዙ መድኃኒት ራሱ አፍ ያደርቃላ። ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ያለበት መጉመጥመጫ ደግሞ ጥርሱን ቡናማ ሊያደርገው ይችላል።

የእኔን ምክር ሰምታችሁ ዘፍዝፋችሁ ከሆነ በውሃ በደንብ አለቅልቁት። ቀለሙ ከተቀየረ በበረኪና ለማስለቀቅ አትሞክሩ፤ ብረት ያለበትን ጥርስ ያበላሻል። ድድ ካቃጠለ ወይም ከቆሰለ መንገዱ ቢርቅም ሐኪም ይየው፤ እስከዚያው ጥርሱ ወልቆ ይቆይ።