ማስተካከያ፦ ፓወር ባንኩ የካሜራ ባትሪን 10 ጊዜ አይሞላም

መብራት ወደሌለበት ሩቅ ቦታ ካሜራ ይዞ ስለመጓዝ ባለፈው ስጽፍ፣ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ባለ 2,000 የካሜራ ባትሪን 10 ጊዜ ይሞላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የሚሞላው 4 ጊዜ ገደማ ነው።

20,000ን ለ2,000 ሳካፍል ቮልቱን አላስገባሁትም። በፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሰላው በውስጡ ባሉት ሴሎች ቮልት ነው፤ 3.7 አካባቢ። ብዙ የካሜራ ባትሪ ግን 7.2 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ መወዳደር ያለበት ዋት ሰዓቱ ነው፤ ማለትም ሚሊአምፒር ሰዓቱ በቮልቱ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል የሚገኘው የኃይል መጠን። ፓወር ባንኩ 74፣ ባትሪው 14.4 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህ 5 ጊዜ ያህል ይመጣል። ቻርጅ ሲደረግ እጅዎ ላይ የሚሰማዎት ሙቀት ደግሞ የሚባክን ኃይል ነው፤ እሱ ሲቀነስ ወደ 4 ይወርዳል።

ምንጬ አምራቾች በራሱ በዕቃው ላይ የሚለጥፉት ጽሑፍ ነው። ባትሪዎን ገልበጥ አድርገው ይዩት፤ ዋት ሰዓቱ ከቮልቱ አጠገብ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

በቀን አንድ ባትሪ የሚጨርስ ሰው በቀድሞው የተሳሳተ ስሌቴ ለ10 ቀን ከወጣ፣ ፓወር ባንኩ በ4ኛው ቀን ባዶ ይሆንበታል። እንዲህ አቅዳችሁ ከነበረ ይቅርታ። ሁለት ሦስት ትርፍ ባትሪ ሞልታችሁ ያዙ፤ ለረጅም ጉዞ የሶላር ፓኔልም ጨምሩ።

በአውሮፕላን ፓወር ባንክም ሆነ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ ያልኩት ግን እንዳለ ነው።