አማካዩን ተዉትና የማታውን ንገሩን

እስቲ ድሬ ላይ ማታ ማታ ኔት የሚሠራለት ሰው እጁን ያውጣ!

ጠዋት ላይ ምንም አይልም። ጉዱ የሚመጣው ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰዉ ወጣ ወጣ ሲል ነው። ትናንት ማታ ከዚራ አንድ ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት በሞባይል ሊከፍሉ ቆመዋል። ስክሪኑ ላይ ክቧ ትዞራለች። «እማማ፣ ገባ?» ይላቸዋል ባለሱቁ። «ቆየኝ ልጄ፣ እየዞረብኝ ነው።» ከኋላቸው ሰልፉ ይረዝማል። ደግመው እንዳይነኩት ሁለቴ ይቆረጥብኛል ብለው ፈሩ። ብሩን ይዘው መክፈል አቃታቸው!

ኔት ወደሚያቀርበው ድርጅት ደውዬ አቤት ስል የተሰጠኝ መልስ፣ «የአካባቢዎ አማካይ ፍጥነት ጥሩ ነው» የሚል ነው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የደቻቱ ወንዛችንም በዓመት አማካይ ቢለካ ደረቅ አሸዋ ነው። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው በአማካይ አይታለልም።

አማካይ ማታለሉ ደግሞ ከታወቀ ቆይቷል። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሰው ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪን አመጣጥ በሒሳብ አስቀመጠ። ለስልክ ሠርቷል፤ የብዙ ሰው ጥሪ ሲደመር ከፍ ዝቅ ማለቱ እየረገበ ይሄዳል። የኢንተርኔት ትራፊክ፣ ማለትም በመስመሩ የሚያልፈው መረጃ፣ ግን ሌላ ነው፤ ቢደመርም እንደዚያ አይረግብም። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎቹ ሌላንድ፣ ታቁ፣ ዊሊንገርና ዊልሰን ቤልኮር በሚባል የአሜሪካ የስልክ ምርምር ድርጅት ውስጥ ለዓመታት የተቀዳ ትራፊክ መርምረው ይህንኑ አሳዩ። በሚሊሰከንድ ብታየውም በደቂቃ ብታየውም ያው ግርግር ነው። ምክንያቱም በኋላ ተገኘ። አብዛኛው ፋይል ትንሽ ነው፣ ጥቂቱ ግን እጅግ ግዙፍ ነው፤ መስመሩን አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም።

መዘዙ ወረፋው ላይ ይወጣል። ትራፊኩ እንደ ስልክ ጥሪ የተረጋጋ ቢሆን እንኳ፣ በቀላሉ የወረፋ ሒሳብ መስመሩ ግማሽ ሲያዝ አንድ ፓኬት (መረጃው ተቆራርጦ ሲላክ አንዱ ቁራሽ) የሚቆየው ከባዶ መስመር 2 እጥፍ ነው። 90 በመቶ ሲያዝ 10 እጥፍ ይደርሳል። ግርግሩ ሲጨመርበት ከዚህም ይብሳል። መረጃውን የሚያስተላልፈው ራውተር ላይ ያለው ማቆያ ይሞላል፣ ፓኬት ይጣላል፣ የተጣለው እንደገና ይላካል። የቀኑ አማካይ ላይ ግን መስመሩ ገና ክፍት ይመስላል!

ስለዚህ እባካችሁ፣ የ24 ሰዓት አማካይ አትንገሩን። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ያለውን በየደቂቃውና በየታወሩ ለክታችሁ አውጡት። የከዚራን ለብቻ፣ የሳቢያንን ለብቻ፣ የመጋላን ለብቻ። ስንት ፓኬት ይጠፋል? መዘግየቱስ ስንት ይደርሳል? ማስፋፊያውንም በዚያ አቅዱ። እኛ እኮ ሙሉ ሒሳብ ነው የምንከፍለው። ፓኬጁ ቀኑ ሲደርስ ይቆረጣል፤ ማታ ኔት አልነበራቸውም ብሎ የሚያራዝምልን የለም።