እጅ የሚያሞቅ ውሳኔ

ጭብጨባን የሚነቅፍ ሰው የደብረ ብርሃንን ብርድ አልቀመሰም ማለት ነው። በጠዋት ስብሰባ ተጠርቶ አዳራሹ እንደ ጓሳ ሜዳ ሲቀዘቅዝ፣ የመንዝ ባና የደረበውም ያልደረበውም እኩል የሚሞቀው «በጭብጨባ እናጽድቀው» ሲባል ነው። ድምፅ ቆጠራማ እጅ አውጥቶ መቆየትን ይጠይቃል፤ ጣት ይደነዝዛል። (ባለቤቴ ጓንት ግዛ ትለኛለች። ስብሰባ እያለ ገንዘብ ለምን ይባክናል?)

ባለፈው እሑድ የሰፈራችን ዕድር ከጎረቤቱ ዕድር ጋር እንዲዋሐድ ወሰንን። ሻይ ሳይፈላ አለቀ። ድንኳኑ የት እንደሚያድር፣ ብረት ድስቶቹን ማን እንደሚቆጥር፣ ከሁለቱ ጡሩምባ ነፊዎች የትኛው እንደሚነፋ የጠየቀ የለም። አንድ ጋሼ «የሚቃወመውስ ስንት ነው?» ሊሉ ሲነሡ ጭብጨባው ቀደማቸው። እሳቸውም ቆመው ላለመቅረት አጨበጨቡ።

እኔ የማዝነው ለስኮትላንዳውያን ነው። ከእንግሊዝ ጋር እንዋሐድ አንዋሐድ ብለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1706 ጥቅምት ጀምሮ 25 አንቀጾችን አንድ በአንድ እየበለቱ ፓርላማቸው ውስጥ ከረሙ። ደጅ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ውስጥ እነሱ ይነታረካሉ። በጥር 1707 ሲጨርሱም 110 ለ67 ሆነ። ይባስ ብሎ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው በስም ተመዝግቦ ቀረ። ከ300 ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ መዝገብ ገልጦ «ያንተ አያት ናቸው» እንዲባባል! እንዲህ ያለ ነውር ከእኛ ይራቅ።

የእኛን ጨዋነት ለማየት አሥመራ መሄድ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የቆመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን 10 ዓመት ሲሞላው፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአስተዳደሩ መሪ አስፍሐ ወልደ ሚካኤል በኤርትራ ምክር ቤት ፊት መግለጫ አነበቡ፤ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሐደች። ጭብጨባ። 68 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት አንቀጽ የበለተ፣ ቁጥር የጠራ አልነበረም። ድምፅ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም የሚለውን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይሟገቱበታል። ለምክር ቤቱ የተረፈውን ክርክር እነሱ ወረሱት፤ ሥራ ፈጠራ ይሏል ይህ ነው! ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለኤርትራ ነፃነት በረሃ የተጀመረው ተኩስ ብቻ ጭብጨባውን አልሰማ ኖሮ እስከ 1983 ዓ.ም. ቀጠለ።

ወደ ዕድራችን ልመለስ። ማክሰኞ ለቅሶ ገጠመን። ሁለቱም ጡሩምባዎች ተነፉ፤ አንዱ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ሌላው ወደ ታችኛው ጠራ። ድንኳኑ ግን አልመጣም። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እሑድ ከሁላችን አስበልጠው ባጨበጨቡት ሰው እጅ ነው፤ እሳቸውም «ድንኳኑ የእኛ ዕድር ንብረት ነው» ብለው በራቸውን ዘግተዋል። ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ባናውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ለቅሶ ላይ ደግሞ አይጨበጨብም።