መጀመሪያ አዘዞን ቁጠሩ

ጎንደር ላይ ሆኖ ስለ ኦፕቲካል ኔትወርክ (መረጃ በብርሃን ስለሚያልፍበት የፋይበር መረብ) የመመረቂያ ጥናት የሚሠራና መንገድና ሞገድ በጀነቲክ አልጎሪዝም ለመደልደል ያሰበ ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። ከከተማዋ ወደ ባሕር ዳርም ወደ መተማም የሚወስደው ዋና መንገድ በአዘዞ ያልፋል። ፋይበሩ መንገዱን ተከትሎ ተቀበረ እንበል። 18 የብርሃን መስመሮች በዚያ አንድ ጥንድ ፋይበር ማለፍ ግድ ከሆነባቸው 18 የተለያዩ ሞገዶች (የብርሃን ቀለሞች እንበላቸው) ያስፈልጋሉ፤ ከዚያ በታች የሚያወርድ አልጎሪዝም የለም። ፕሮግራሙ 18 ካወጣ አቁሙት፤ ሌላ ሺህ ትውልድ (የማዳቀልና የመምረጥ ዙር) ማስሮጥ መብራት መፍጀት ነው።

ጀነቲክ አልጎሪዝም፣ ማለትም መፍትሔዎችን እያዳቀለ የተሻሉትን የሚመርጥ ፕሮግራም፣ የሚያስፈልገው አማራጭ መንገድ ሲበዛ ነው። መሃል ላይ አንዱን ሞገድ በሌላ የሚተካ መቀየሪያ ከሌለ፣ ወደ ወልድያ የሚሄድ መስመር የወልድያው መንገድ እስከሚገነጠልበት እስከ ወረታ የያዘውን ሞገድ እስከ መጨረሻው ይዞ መዝለቅ አለበት። በየክፍሉ ክፍት ሞገድ እያለ፣ ለሁሉም የጋራ የሆነ ስለጠፋ ብቻ የመስመር ጥያቄው ይወድቃል። 30 ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው 3 አማራጭ መንገድ ቢኖራቸው ቅንብሩ ከ205 ትሪሊዮን ይበልጣል።

ብዙው ስህተት ክሮሞዞሙ ላይ፣ ማለትም አንድ ሙሉ መፍትሔ በሚጻፍበት የጂኖች ዝርዝር ላይ ነው። ጂኑን፣ ማለትም የአንዱን ጥያቄ መልስ፣ የከተሞች ዝርዝር ካደረጋችሁት፣ ሲዳቀል የተበጠሰ ወይም ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ መንገድ ይወለዳል። ይልቅ አጫጭር መንገዶችን አስቀድማችሁ አውጡና ጂኑ የምርጫው ተራ ቁጥር ይሁን፤ ሞገዱን ከታች ጀምሮ በተገኘው ክፍት ቦታ ደልድሉ፣ ረጅሙን መስመር አስቀድማችሁ። ጥያቄዎቹ የሚደለደሉበትን ቅደም ተከተልም ላዳቅል ካላችሁ ተጠንቀቁ፦ ሁለት ወላጆችን አንድ ቦታ ቆርጦ የሚያቀያይረው ተራው የአንድ ነጥብ ማዳቀል አንዱን ጥያቄ ይደግማል፣ ሌላውን ይጥላል።

መለኪያው «ስንት ሞገድ ፈጀ» ብቻ ከሆነ ደግሞ በአንድ ትውልድ ካሉት፣ 100 ናቸው እንበል፣ መፍትሔዎች አብዛኞቹ እኩል 21 ሊያመጡ ይችላሉ። ታዲያ ማን ይመረጥ? የየክፍሉን ጭነት በራሱ አባዝታችሁ ደምሩና በትንሽ ክብደት ጨምሩበት፤ ያኔ መጨናነቅን የሚያቀል ቅንብር ከእኩዮቹ ይለያል። በ30 የተለያዩ የዘፈቀደ መነሻ ቁጥሮች አስሩጡና ምርጡን ሳይሆን መካከለኛውን ጻፉ። በዘፈቀደ ከተሠራ ድልድል ጋር ማወዳደር ሕፃን ታግሎ እንደመጣል ነው፤ ከአጭሩ መንገድና ከላይ ካልነው ቀላል ድልድል ጋር አወዳድሩ።

አንዱ ሲበጠስ የሚተካ መጠባበቂያ መስመር ላይም ያው ነው፦ መጀመሪያ መሬቱን ማየት። የባሕር ዳርና የወልድያ መስመሮች በፕሮግራሙ ሁለት ስም አላቸው፤ እስከ ወረታ ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከሆኑ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይበጥሳል። ለየጉድጓዱ ቁጥር ካልሰጣችሁት አልጎሪዝሙ ይህን አያውቅም። በእኔ እምነት ለጎንደር የሚጠቅመው ሙከራ በደባርቅና በሊማሊሞ አድርጎ ወደ ሽሬ የሚያወጣ አንድ መስመር አንዴ ጨምሮ፣ አንዴ አውጥቶ ማስሮጥ ነው። ከ18ቱ ስንቱ አዘዞን እንደሚለቅ ያኔ ይታያል።