ማስተካከያ፦ የዋሽንግተን ወረቀቶች ያሉት የት ነው?

ባለፈው ጽሑፌ የጆርጅ ዋሽንግተን የግል ወረቀቶች በሙሉ ማውንት ቨርነን፣ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ እንዳሉ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ትልቁ ስብስብ፣ ወደ 77,000 ሰነድ፣ ያለው በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። መንግሥት አብዛኛውን ከቤተሰቡ የገዛው እ.ኤ.አ. በ1834 እና በ1849 ነው።

ዋሽንግተን መሬት መቀየስ የጀመረውም እኔ እንዳልኩት ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በኋላ አይደለም። በ1748፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ከቀያሾች ጋር ተራራ ተሻግሯል። በዓመቱ በቨርጂኒያ የከልፐፐር ካውንቲ (ወረዳ) ቀያሽ ሆኖ ተሾመ።

የዚያ ጉዞ የዕለት ማስታወሻው ያስቃል። አንድ ማታ እንደ ጨዋ ልጅ ልብሱን አውልቆ ተጋደመ። አልጋው ለካ አንሶላ የሌለው ጭድ ኖሯል፤ ቅማሉና ቁንጫው ደግሞ ለጉድ ነው። ተነስቶ ልብሱን መልሶ ለበሰ።